ጥያቄና መልስ፦ ሞዱሌሽንና ኮዲንግ በዚግቢ፣ በብሉቱዝና በዋይፋይ

መልስ ሰጪ፦ ጠይቁ። ሞዱሌሽን መረጃን በሬዲዮ ሞገድ ላይ መጫን ነው፤ ኮዲንግ ደግሞ በመንገድ የተሳሳተው እንዲታረም ትርፍ ቢት ማከል። አስቀድሜ ግን፦ ሲግናል አልደርስ ባለ ቁጥር የማስተላለፊያውን ኃይል አትጨምሩ። መጀመሪያ አንቴናውን ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ በባትሪ ለሚሠራ የሙቀት መለኪያ ዋይፋይ ለምን አይመከርም? ፍጥነቱ ይበልጣል እኮ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ዋይፋይ ብዙ ንዑስ ሞገዶችን ደምሮ በአንድነት ይልካል፤ ድምሩ አንዴ ይመነጠቃል፣ አንዴ ይወርዳል። የማስተላለፊያው ማጉያ ከፍታውን ሳያዛባ ለማሳለፍ ከአቅሙ በታች መሥራት ግድ ይሆንበታል፤ አብዛኛው የባትሪ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚግቢ (ለሴንሰሮች በተሠራው ኃይል ቆጣቢ ሬዲዮ) የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞዱሌሽን ግን የሞገዱ ከፍታ አይዋዥቅም፤ ማጉያውን እስከ ጥጉ ብትነዳውም መረጃው አይበላሽም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ 4 ቢት ከ16 ቅደም ተከተሎች በአንዱ፣ በ32 ቺፕ (በአጫጭር የምልክት ቁራጮች) ይተካል። ጥቂት ቺፖች ቢሳሳቱ ተቀባዩ ከ16ቱ በጣም የሚቀርበውን ይመርጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ኪሎ ቢት ነው፤ ሙቀት ለመንገር ይተርፋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ብሉቱዝ አይሠራም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አይሠራም» ማለት ምን ማለት ነው? የሬዲዮው ቺፕ (ዕቃው ራሱ) የትኛው ነው? ርቀቱስ? አንቴናውን ተመልከት።

ጥያቄ፦ የብሉቱዝ 5 ረጅም ርቀት አራት እጥፍ ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በሜዳ ላይ፣ በስሌት፣ አዎን። አንዱ ቢት በኮዱ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው በአራት ምልክት ይላካሉ። ስለዚህ 1 ሜጋ ቢት ወደ 125 ኪሎ ቢት ይወርዳል። ደረጃው ከተቀባዩ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመስማት አቅም ከ-70 ወደ -82 ዴሲቤል ሚሊዋት (የሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ደካማውንም ይሰማል) ይሻሻላል። ከዚህ 12 ዴሲቤል ውስጥ 9ኙ ስምንት ጊዜ አስረዝሞ ከመላክ የመጣ ነው፤ የኮዱ የራሱ ድርሻ ቀሪው 3 ነው። ማንም ኃይል አልጨመረም! ግን ሬዲዮው ስምንት እጥፍ ያህል ጊዜ ይነቃል፤ ባትሪው ይከፍላል። ግድግዳ ባለበት ቤት ደግሞ አራት እጥፍ አትጠብቁ።

«ጣና»፦ ርቀቱን ተዉት፤ ዘመኑ የ1024-ኳም ነው፤ የዋይፋይ ሞዱሌሽን ነው፣ አንዱ ምልክት ከ1024 ዓይነቶች አንዱ ይሆናል። በአንድ ምልክት 10 ቢት!

«ባለ ሴንሰሩ»፦ 10 ቢት የምታገኘው ከራውተሩ አጠገብ ስትቀመጥ ነው። ግድግዳ ሲገባ ዋይፋዩ ራሱ ወደ 64-ኳም ይወርዳል።

«ጣና»፦ ያ የማይክሮዌቭ ምድጃው ጥፋት ነው።

መልስ፦ ምድጃው 2.4 ጊጋኸርዝን ይረብሻል፤ 5 ጊጋኸርዝን አይነካም። ክርክራችሁን ሌላ ቦታ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ዋይፋይን ለሙቀት መለኪያ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

ጥያቄ፦ ብሉቱዙ የማይሠራልኝ እኔ ነኝ። ቺፑን አላውቀውም፤ በብረት ሳጥን ውስጥ ነው።

መልስ፦ በብረት ሳጥን! አንቴናውን ወደ ውጭ አውጣ።

ጥያቄ፦ ለሴንሰሬ ኤልዲፒሲ (ዋይፋይ የሚጠቀምበት የስህተት ማረሚያ ኮድ) ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። የዋይፋይ ትንሹ የኤልዲፒሲ ብሎክ 648 ቢት ነው፤ የአንተ መልእክት 10 ባይት፣ ማለትም 80 ቢት ብቻ።

ጥያቄ፦ ዋይፋዩ በ1፣ በ6 እና በ11 ቻናል ላይ ነው። ዚግቢውን የት ላድርገው?

መልስ፦ 25 ወይም 26። አንዳንድ ቺፕ 26 ላይ ኃይሉን ስለሚቀንስ 25ን አስቀድም።