ስልኬን ልሽጠው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም በእህል ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዘመናዊ ስልክ ከገዛሁ ዓመት ሆነኝ። ውዳሴ ማርያሙንም ዳዊቱንም ከሱ ላይ ነው የማደርሰው። አንዳንድ እሁድ ቅዳሴውንም ቤቴ ሆኜ በስልኬ እከታተላለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ሊያስቀርህ ነው፣ ሽጠው» ትለኛለች። ስልክ መያዝ ኃጢአት አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኃጢአት የለበትም። እኔም ይዣለሁ። ጥያቄህን ያነበብኩትም በሱ ነው።

ጥቅሙን ለነጋዴ አላስተምርም። ጤፍ ባሕር ዳር ስንት እንደገባ አንድ ጊዜ ደውለህ ታውቃለህ። ገበሬውም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ 8028 ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ምክር የሚሰማበት መንገድ አግኝቷል። ልጇ አረብ አገር የሄደችባት እናትም በኢሞ ፊቷን አይታ እፎይ ብላ ታድራለች። ይህን ማን ይነቅፈዋል?

ከስልክ ላይ መጸለይም ይቻላል። አባቶቻችን ዳዊትን በብራና ደገሙ፣ እኛ በታተመ መጽሐፍ ደገምን። ጸሎቱ ያው ነው። ብራና ግን አይጮኽም! አንድ ሐሙስ እኔው ራሴ ውዳሴ ማርያም በስልክ ሳደርስ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ብቅ አለ። ማን ላከው ብዬ ከፈትኩት። ከዚያ ላመሰግነው ደወልኩ። ከዚያ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። ስመለስ የቱ ጋ እንደነበርኩ ጠፋኝ። ጌታ «ስትጸልይ ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህንም ዝጋ» ያለውን (ማቴ. 6፥6) ስንቴ አስተምሬዋለሁ። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ገበያውን በኪሴ ይዤ ገብቼ ነበር። ስለዚህ በስልክ ከጸለይክ ዳታ ማጥፋት ብቻ አይበቃህም፤ ፍላይት ሞድ የሚሉትን ተጫን። ከተቻለህም አንድ የወረቀት ዳዊት ግዛ።

ቅዳሴው ላይ ግን ባለቤትህ ረትታሃለች። ቅዳሴ ቁጭ ብለው የሚያዩት ዝግጅት አይደለም። የሚቀደሰው ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ነው፤ ሥጋ ወደሙ ደግሞ በኔትወርክ አይመጣም። የታመመ ሰው በስልክ ቢሰማ ይጽናናበታል። ወንድ ወልዳ 40፣ ሴት ወልዳ 80 ቀን የምትጠብቅ አራስም እንደዚያው። አንተ ግን እግርህ ደህና ነው። ለገበያ ጎህ ሳይቀድ ትነሳ የለም እንዴ?

መጥተህም ቢሆን ነገሩ አያልቅም። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል «ልባችሁን ከፍ አድርጉ» ማለቱ ነው። እኛም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እንላለን፤ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው ማለት ነው። ይህን እየመለሰ ኪሱን የሚዳብስ ስንቱ ነው! (የጥሪ ድምፁን መዝሙር ያደረገውም አያመልጥም። በቅዳሴ መሃል ሲጮኽ ያው ረብሻ ነው።)

በጾም ወቅትም አስብበት። ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ብሎናል። ከቅቤው ተከልክለህ እስከ እኩለ ሌሊት ቲክቶክ ላይ የሰዎችን ስድድብ ስትሰማ ካመሸህ፣ ዓይንህም ጆሮህም ገድፈዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ዝምታው ነው። ቅኔ ቤት ሳለን ቆጠራ የሚባል ሰዓት ነበረን። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። ቃሉን በልቡ ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ቤት ሲመታለት ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። ጎጃም በቅኔ የታወቀው እንደዚያ ተቀምጠው በዋሉ ልጆች ነው። ዛሬ ግን እኔም ብሆን ሩብ ሰዓት ዝም ብዬ ስቀመጥ እጄ ሳላዝዘው ወደ ስልኩ ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ሁሉ ቢፈቀድለትም አንዱም እንደማይሠለጥንበት ተናግሯል (1ቆሮ. 6፥12)። እኔ ግን ይህን ስለ ስልኬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም፤ ገና እየታገልኩ ነው።

እና አትሽጠው። እሁድ እሁድ ግን ቤት ትተኸው ከባለቤትህ ጋር ሂድ። የእህል ደንበኛ ቢደውል ከጠበል ጠዲቅ በኋላ መልሰህ ትደውልለታለህ።