ሕጉን ልጨርስ ወይስ ጌም ልሥራ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ጀምሮ በድምፅ ብቻ የሚጫወቱትን ጌሞች እወዳለሁ። ቆይቶም ቢጂቲ በሚባለው የድምፅ ጌም መሥሪያ ፕሮግራም የራሴን መሥራት ጀመርኩ። አሁን ግን የሠራሁትን ለጓደኞቼ ስልክላቸው አንቲቫይረሱ ያጠፋዋል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዓይነ ስውር የሚጫወተው ጌም ማውጣት ስለጀመሩ የእኛ ዓይነቱ ሥራ አብቅቶለታል የሚሉኝም አሉ። እናቴ ሕግህን ጨርሰህ ጠበቃ ሁን ትለኛለች። እኔ ደግሞ አቋርጬ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮዲንግ ልግባ ወይ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ሕጉን አታቋርጥ፣ ጌሙንም አትተው። ይህን የምልህ አንተንም እናትህንም ላለማስቀየም ብዬ አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚከፈት የሥራ በር አለ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ አንቲቫይረሱ። ቢጂቲ ትልቅ ባለውለታ ነው። ፕሮግራሚንግ በወጉ ያልተማሩ ብዙ ዓይነ ስውራን የመጀመሪያ ጌማቸውን የሠሩት በእሱ ነው። ሠሪው ግን ማደሱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የውስጥ ኮዱ ዝግ ስለነበር ደግሞ ሌላ ሰው ገብቶ ሊጠግነው አልቻለም። በቢጂቲ የተሠራ ጌም ሁሉ አንድ ዓይነት ማስኬጃ ይዞ ስለሚወጣ፣ አንቲቫይረስ አንዱን ከጠረጠረ ሌላውንም አብሮ ይጠረጥራል። ስለዚህ ጥፋቱን አንተ ኮድ ውስጥ አትፈልገው።

ኤንቪጂቲ ወደሚባለው ሌላ የጌም መሥሪያ ተሻገር። እሱም እንደ ቢጂቲ በአንጀልስክሪፕት ቋንቋ የሚጻፍ ነው። የለመድከው አጻጻፍ አብዛኛው ይቀጥላል፣ የድሮ ሥራህንም በጥቂት ማስተካከያ ልታሻግረው ትችላለህ። ጨርሶ አይጠረጠርም አልልህም። ልዩነቱ ኮዱ ክፍት መሆኑና የሚጠግነው ሰው መኖሩ ነው። ከዊንዶውስ ሌላ ለአንድሮይድም ያወጣልሃል። ይሄ ለኛ አገር ቁም ነገር ነው፤ እዚህ ላፕቶፕ ካለው ይልቅ ስልክ ያለው ይበዛል። ከዚህ በኋላም መሣሪያ ስትመርጥ «ሠሪው ቢተወው ማን ይቀጥለዋል?» ብለህ ጠይቅ።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ትልልቆቹ የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች ለረጅም ጊዜ ለእናንተ ዝግ ነበሩ። መስኮታቸው በሥዕልና በማውስ የተሞላ ስለሆነ ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ዝም ይል ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጎዶ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው 4.5 ዕትሙ ላይ የስክሪን ሪደር ድጋፍ ጨምሯል። ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ግን ተጀምሯል። ፓይተን የሚባለውን የኮዲንግ ቋንቋም አትርሳ፤ በእሱ ኮድ ውስጥ መስመር ወደ ውስጥ መግባቱ ትርጉም አለው። መስመሮቹ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገቡ በዓይን አላይም ብለህ ከሸሸኸው፣ ኤንቪዲኤ በሚባለው ስክሪን ሪደር ቅንብሮች ውስጥ ግባና ያንን በድምፅ ቃና እንዲነግርህ አድርገው። መስመሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ቃናው ይለወጣል። ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል።

አሁን «አብቅቶለታል» ወደሚሉህ ሰዎች። አልስማማም። የድምፅ ጌም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በጃፓን «ሪል ሳውንድ» የሚባል ሥዕል የሌለው ጌም በሴጋ ሳተርን የጌም ማጫወቻ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ፈረንሳዮች በ2015 «ኤ ብላይንድ ሌጀንድ»ን፣ ካናዳውያን በ2021 «ዘ ቬል»ን አውጥተዋል። በትልልቆቹ ኩባንያዎች በኩል ደግሞ «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2» በ2020 ከ60 በላይ የተደራሽነት አማራጮችን፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ እንዲጫወተው የሚያስችሉ ቅንብሮችን፣ ይዞ መጣ። በ2023 ደግሞ «ፎርዛ ሞተርስፖርት» ዓይነ ስውር ሰው መኪና እየነዳ የሚወዳደርበትን መንገድ አበጀ። መታጠፊያው ሲቀርብ፣ መኪናው ከመንገዱ ሲወጣ፣ ሁሉንም በድምፅ ይነግራል።

ታዲያ ይሄን ማን ሠራው? መሐንዲሶቹ ብቻቸውን አይደሉም። ብራንደን ኮል የሚባል ዓይነ ስውር አሜሪካዊ በእነዚህ በሁለቱ ጌሞች ላይ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 አርፏል፤ ነፍሱን ይማር። እሱ ያመጣው ሌላው ያልነበረውን ነው፤ ዓመታት በጆሮ የተጫወተ ሰው ዕውቀት። አንተም ያ ዕውቀት አለህ። በሥዕል ተፀንሶ በኋላ ድምፅ የተጨመረበት ጌምና ከመነሻው በድምፅ የታሰበ ጌም እንደሚለያዩ ለአንተ አልነግርህም።

ገንዘቡን ግን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። የድምፅ ጌም ብቻ ሸጦ ቤት ኪራይ መክፈል ከባድ ነው። ገዢው ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹ ጌሞችም በነፃ የሚሰጡ ናቸው። እዚህ አገር ደግሞ ክፍያ ከውጭ መቀበሉ ራሱ አንድ ራስ ምታት ነው። ትምህርትህን ጥለህ በዚህ ብቻ እኖራለሁ ካልከኝ፣ እንደ ታላቅ ወንድምህ አልፈቅድልህም።

በሩ እዚህ ጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የኦንላይን መደብር፣ የባንክ አገልግሎት፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፣ ሌላም ሌላም አካል ጉዳተኛ ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ መቅረብ አለበት ይላል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ኩባንያ ዌብሳይቱንና አፑን የሚፈትሽለት ሰው ይፈልጋል። ይህ ሥራ በኢንተርኔት ከየትም ቦታ ሊሠራ ይችላል። ስክሪን ሪደርን በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ መጻፉ ነው። «አልሠራልኝም» ማለት ሪፖርት አይሆንም። የትኛው ገጽ፣ የትኛው ቁልፍ፣ ስክሪን ሪደሩ ምን አለ፣ ምን ማለት ነበረበት፣ የትኛው ድንጋጌ ተጣሰ? አንተ ፍሬ ነገርን ከድንጋጌ ጋር ማገናኘት በየሳምንቱ ክፍል ውስጥ እየተማርክ ነው። ይህንን የኮዲንግ ተማሪ አያገኘውም። የአገራችንን ሕግም ጨምርበት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለ። የመመረቂያ ጽሑፍህን በዚሁ ዙሪያ ብታደርገው ትምህርትህና ፍቅርህ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

ልምምዱን ከራስህ ስልክ ጀምር። የምትጠቀምበትን የክፍያ አፕ በቶክባክ፣ ማለትም በአንድሮይዱ ስክሪን ሪደር፣ ክፈተውና ስም የሌላቸውን ቁልፎች መዝግብ። ገንዘብ ላክ የሚለውና ሰርዝ የሚለው ቁልፍ ስም አልባ ሆነው ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ ይሄ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ ነው። አጭርና ጨዋ ሪፖርት ጽፈህ ለሠሪዎቹ ላክ። ባይመልሱልህም ሪፖርቱ የሥራ ማሳያህ ይሆናል።

ጌሙስ? ጌሙ አንተ ማን እንደሆንክ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ትንሽ፣ ያለቀና የኛ የሆነ ይሁን። እኔ ብሆን አኩኩሉን እሠራ ነበር። አስበው። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» ይላል። ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ይላሉ፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ራቅ ብሎ ከቀኝ። በመጨረሻ «ነጋ!» ሲባል ፈላጊው ድምፆቹ ወደነበሩበት ይሄዳል። ይህ ጨዋታ ድሮም የጆሮ ጨዋታ ነው። ቦታውን ሐዋሳ አድርገው። አንዱ ልጅ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ከሚበለተው ሰው ጫጫታ ጀርባ ይደበቅ። ሌላው መናኸሪያ፣ ረዳቶቹ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» ሲሉ ድምፁ ይዋጥ። የባጃጁን ሞተር ራስህ ቅዳው፤ ከኢንተርኔት የወረደ ድምፅ የሐዋሳን አስፋልት አይመስልም።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይገጥምሃል። ግራና ቀኝ ቀላል ነው፤ ድምፁ አንዱ ጆሮ ጋ ከሺህ አንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ስለሚደርስ አእምሮ ይለየዋል። ፊት ለፊትና ከኋላ ግን ለሁለቱም ጆሮ እኩል ይደርሳል። ተጫዋቹ ከኋላው ያለውን ልጅ ፊቱ እየፈለገ ይናደዳል። ስለዚህ በቀስት ቁልፎች ዞር እንዲል ፍቀድለት፤ ሲዞር ድምፁም ስለሚዞር ይገባዋል። ከኋላ የሚመጣውን ድምፅም ትንሽ አፍነው። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ ያወጣው ስቲም ኦዲዮ የሚባል የድምፅ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ የሚሆን ነው፤ ኮዱም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ክፍት ነው።

ንግግሩን በሰው ድምፅ ቅዳ። ኢስፒክ የሚባለው ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፣ ለምናሌና ለነጥብ ቁጥር ይበቃል። ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ ማሽኑ ይሳሳታል፣ የልጅ ሳቅም አያውቅም።

ሲያልቅ ጎግል ፕሌይ ላይ ማውጣት ትፈልጋለህ። ምዝገባው የአንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። አዲስ የግል አካውንት ደግሞ ቢያንስ 12 ሰዎች ለተከታታይ 14 ቀናት እንዲሞክሩለት ይጠየቃል። ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ይሄ ነው፣ ለአንተ ግን እንደ ዕድል ነው የማየው። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ሻሸመኔ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መምህራኑን አስፈቅደህ ሂድ፣ ስልክ ያላቸውን ታላላቅ ተማሪዎች አስሞክር። ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀመጥና አትርዳቸው። የት እንደሚቆሙ፣ የቱ ድምፅ እንዳሳሳታቸው ብቻ ያዝ። ማየት የሚችሉ ጓደኞችህም ይሞክሩት፤ ትንንሽ ወንድምና እህት ካላቸው ደግሞ ይበልጥ።

ለእናትህ ትምህርቱን እንደማታቋርጥ ዛሬውኑ ንገራት፣ ሐሳቧ ይረፍ። ኮዱን በሴሚስተር መሀል በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በክረምት ደግሞ በሰፊው ያዘው። ለጊዜው ከገንዘብህ የምታወጣበት ነገር ጥሩ ሄድፎን ብቻ ይሁን። ገመድ ያለው ግዛ፤ ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገየው ኮድህ የተሳሳተ ይመስልሃል።