የማዳበሪያ ድጎማው ብር የት ገባ?

ከቡሬ አካባቢ የጻፉልን አርሶ አደር እንዲህ ይጠይቃሉ፦ “ስድስት ጥማድ በቆሎ እዘራለሁ። መንግሥት ማዳበሪያ ደጉሟል ሲባል በሬዲዮ እሰማለሁ፤ በእጄ የገባ ሳንቲም ግን የለም። አሁን አንድ ሰው ‘የድጎማ ብር እንዲወጣላችሁ ላስመዝግባችሁ’ እያለ ከየቤቱ መቶ መቶ ብር ይለቅማል። ልክፈለው? ደግሞ ነጋዴ ከማኅበር ካወጣሁት ዩሪያ ሁለት ኬሻ በጥሩ ዋጋ ልግዛህ ይለኛል። ልሽጥለት?”

ጋሼ፣ መቶ ብሩን አይስጡ። የሰጡ ጎረቤቶችም ካሉ ዛሬውኑ ለቀበሌው ያመልክቱ። የማዳበሪያ ድጎማ በጥሬ ብር ለአርሶ አደር አይከፈልም፤ ያለው ኬሻው ዋጋ ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ከውጭ በዶላር ይገዛል፣ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ በመኪና ተጭኖ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ ወደ እናንተ ማኅበር ይመጣል። ይህ ሁሉ ወጪ ተደምሮ ከሚወጣው ዋጋ መንግሥት ከፊሉን ይሸፍናል፣ እርስዎ የቀረውን ይከፍላሉ። በ2014 ዓ.ም የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ሲሰቅለው የተደጎመው 15 ቢሊዮን ብር በዚሁ መንገድ ነው የወጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ማዳበሪያ ድጎማ ከተፈቀደላቸው ዕቃዎች አንዱ ነበር። “ታዲያ ተደጉሞም ለምን ተወደደ?” ቢሉኝ እውነት አለዎት፤ ድጎማው ጭማሪውን ያቃልላል እንጂ አያስቀረውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ድጎማው ኬሻው ውስጥ ስላለ፣ ኬሻው በጊዜው ያልደረሰው ሰው ድጎማውም አልደረሰውም። ስለዚህ የመሬት ደብተርዎን ይዘው ልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋ ይሂዱና በማዳበሪያ ፍላጎት መዝገቡ ላይ ስድስቱም ጥማድ በስምዎ መጻፉን በዓይንዎ ይዩ። ለአንድ ሌላ ባለ ስድስት ጥማድ አርሶ አደር አራት ብቻ ተጽፎ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፤ ሰውየው ጉድለቱን ያወቁት መጋዘን በር ላይ ቆመው ነው። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ 50 ኪሎ የተባለውን ኬሻ ሚዛን ላይ ያስወጡ፣ ስፌቱ ተፈትቶ የተሰፋ እንዳይሆን ይመልከቱ። ዩሪያውን ከተጠራጠሩ አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረው ያማስሉት። ንጹሕ ዩሪያ ብርጭቆውን ወዲያው ያቀዘቅዘዋል፣ በመዳፍዎ ይሰማዎታል፤ ሟሙቶም ደለል አይተውም።

ወደ ነጋዴው ልምጣ። አይሽጡለት። የተደጎመ ማዳበሪያ ለነጋዴ ማሳለፍ ማስጠየቁ አንድ ነገር ሆኖ፣ እኔ ግን ሂሳቡን ልንገርዎ። አንድ ኬሻ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን፣ ማለትም ሰብሉን የሚያለመልም ምግብ አለው፤ ሁለቱ 46 ኪሎ። በእናንተ አካባቢ ለበቆሎ በስፋት የሚመከረው ለጥማድ አንድ ኬሻ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) እና አንድ ኬሻ ዩሪያ ስለሆነ፣ ሁለት ኬሻ ሸጡ ማለት ሁለት ጥማድዎን ያለ ዩሪያ ተዉ ማለት ነው። በቆሎው ይበቅላል፣ ነገር ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በመሐል ጅማቱ በኩል ወደ ግንዱ ቢጫ እየሆኑ ይገባሉ። ያን ጊዜ ለማዳን ዩሪያ ቢፈልጉ፣ መልሰው የሚገዙት ከዚያው ነጋዴ፣ ያለ ድጎማ ነው።

ኤንፒኤሱን ሙሉ በሙሉ ሲዘሩ በመስመር፣ ከዘሩ ጋር ሳይነካካ ያግቡት። ዩሪያውን ከፋፍለው፣ ዋናውን ድርሻ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከግንዱ ትንሽ አራቅ አድርገው ይጨምሩና አፈር ያልብሱት። ላዩ ላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አየር ይተናል፣ ዶፍ ከመጣም ታጥቦ ይሄዳል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ፦ የአፈርዎ አሲዳማነት ተለክቶ ያውቃል? በምዕራብ ጎጃም አሲዳማ አፈር ብዙ ነው። እንዲህ ያለ አፈር የኤንፒኤሱን ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አስሮ ስለሚያስቀረው፣ አሲዱን የሚያበርድለት ኖራ ሳያገኝ ኬሻ ቢጨምሩለት ብዙ አይመልስም። ከየጥማዱ ከተለያየ ቦታ አፈር ወስደው፣ ቀላቅለው ለልማት ሠራተኛው ይስጡ። ውጤቱን ይላኩልኝና የኖራውን መጠን አብረን እናሰላዋለን።