ሲንክቲንግ ለባክአፕ ይበቃል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት ራሴን ነው ያየሁት። ፎቶ ቤት አለኝ፣ ላፕቶፑንና ዴስክቶፑን በሲንክቲንግ (የሁለት ማሽኖችን ፎልደር ሁሌ አንድ ዓይነት አድርጎ በሚያቆየው ፕሮግራም) አገናኝቻለሁ፣ አዲስ ቨርዥን ወጥቷል ይላሉ፣ አፕዴት ላድርግ ወይ፣ ለባክአፕስ እሱ ብቻ ይበቃኛል ወይ ነው ያልሽው። ከመጨረሻው ልጀምር። አይበቃሽም። በተጫነበት ሁኔታ ከተውሽው ማለቴ ነው።

እኔም ፎቶና ቪዲዮ ላይ ነው የምሠራው። በጀመርኩ ሰሞን ረዳቴ ላፕቶፑ ሞላበትና አንድ ሙሉ የሰርግ ፎልደር ዲሊት አደረገ። «ዴስክቶፑ ላይ አለ አይደል እንዴ» ብሎ ነው። እውነቱን ነው፣ ነበረ። ማኪያቶ ጠጥተን ስንመለስ ግን እዚያም የለም። ፕሮግራሙን ምን ትይዋለሽ? እዚህ የሆነውን እዚያ ድገም ብዬዋለሁ፣ ደገመ። ለሱ ማጥፋትም አንድ ለውጥ ነው። ደግነቱ የካሜራውን ካርድ ገና ፎርማት አላደረግነውም ነበር። ኤዲት ያደረግነው ግን ሄደ፣ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብለን እንደ አዲስ ሠራነው።

ስለዚህ ከአፕዴቱ በፊት ፋይል ቨርዥኒንግ የሚለውን፣ የጠፋና የተቀየረ ፋይል አሮጌ ቅጂ የሚያቆየውን፣ ክፈቺ። ስትጭኚው ዝግ ነው፣ ራስሽ ካልከፈትሽው ማንም አይከፍትልሽም። ፎልደሩን ኤዲት ስትይ ታገኚዋለሽ። እኔ ስታገርድ የሚለውን ነው የምጠቀመው። ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት በየ30 ሰከንዱ፣ እስከ አንድ ቀን በየሰዓቱ፣ እስከ 30 ቀን በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ አንድ አሮጌ ቅጂ ያስቀምጥልሻል። ለጥሬ ቪዲዮ ግን አይሆንም፣ ዲስክሽን ይበላዋል። ለሱ ትራሽ ካን የሚለውን መርጠሽ ከ30 ቀን በኋላ እንዲያጸዳ አድርጊው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ቨርዥኒንግ የሚያስቀምጠው ከሌላ ማሽን የመጣ ለውጥ ያጠፋውን ወይም የቀየረውን ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ተቀምጠሽ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ያጠፋሽውን ላፕቶፑ አያስቀምጥልሽም፤ የሚያስቀምጠው ዴስክቶፑ ነው፣ ያውም ዴስክቶፑ ላይ ከፍተሽው ከሆነ። እኔ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ከፍቼ ተረጋግቼ እተኛ ነበር። ሁለቱም ላይ ክፈቺው።

አዲሱ ቨርዥን፣ 2.0 ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2025 ነው የወጣው። ትልቁ ለውጥ አይታይሽም። የፋይሎቹን መዝገብ የሚይዝበት ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ወደሚባል ሌላ ዓይነት ተቀይሯል። የሚታይሽ መጀመሪያ ስትከፍቺው ነው፣ የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ ሲገለብጥ ጊዜ ይወስዳል። የኛ ፎቶ ብዙ ስለሆነ ተንቀርፍፎ ተንቀርፍፎ የሞተ ሁሉ መስሎኝ ነበር። አትንኪው፣ ይጨርስ። መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆንሽ በላፕቶፑ ጀምሪ፣ ባትሪ አለው። በሁለት ማሽኖች መካከል በአንዴ ብዙ ኮኔክሽን መክፈትም አሁን ሳትነኪው በራሱ የሚሠራ ሆኗል። እኛ ቤት ዋይፋይ ላይ ልዩነቱን አላየሁትም።

ከአዲሶቹ ውስጥ ልብ እንድትይው የምፈልገው የ15 ወሩን ነገር ነው። ድሮ የጠፋ ፋይል መጥፋቱን ለዘላለም ያስታውስ ነበር፤ አሁን ከ15 ወር በኋላ ይረሳዋል። ቁም ሳጥን ውስጥ የከተትሽው አሮጌ ላፕቶፕ ካለና ከሁለት ዓመት በኋላ አውጥተሽ ብታገናኚው፣ ያጠፋሻቸው ፋይሎች ከመቃብር ተነስተው ሊመጡ ይችላሉ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አንድ ላፕቶፕ ስላለ ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ።

በስልክ ልጠቀም ካልሽ፣ ዋናው የአንድሮይድ አፕ በዲሴምበር 2024 ቆሟል። ሰው አሁን የሚጠቀመው ሲንክቲንግ ፎርክ የሚባለውን ነው።

የቀብድ መዝገብሽ ኤክሴል ከሆነ ሁለት ሰው በአንዴ አይክፈተው። ሁለታችሁም ከጻፋችሁበት አንዱን «ሲንክ ኮንፍሊክት» የሚል ስምና ቀን ለጥፎ ጎን ያስቀምጠዋል። አይጠፋም፣ ግን ካላየሽው የአንዷ ሙሽራ ቀብድ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ደርሶብኝ ነው፣ ሰውዬው ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ ነው ያወቅኩት።

ስለ ኢንተርኔት ወጪ አታስቢ። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ራውተር ላይ ካሉ ፋይሉ በቀጥታ ነው የሚሄደው፣ ፓኬጅሽን አይነካም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። እኔ ግን አሁንም በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጌ ነቅዬ ቤት እወስደዋለሁ። ሌባም እሳትም ሁለቱን ኮምፒውተር እኩል ነው የሚያገኛቸው።

ቨርዥኒንጉን ከከፈትሽ በኋላ አንድ የማትፈልጊው ፎቶ ላፕቶፑ ላይ አጥፊ። ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ ፎልደሩ ሥር ቨርዥንስ የሚለውን ተጭነሽ ፎቶው መኖሩን እዪ፣ መልሺው፣ ክፈቺው። ካልተከፈተልሽ አፕዴቱን ለጊዜው ተዪውና ሴቲንጉን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ላኪው፣ አብረን እናየዋለን።