አትንካ ያልኩት ካፓሲተር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሱቄ ድረስ መጣች። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ነው የምታጠናው፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ለመመረቂያዬ ባጃጅ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ነገር ልሠራ አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። መብራት በሚጠፋበት አገር፣ ገመዱም ሳይበቃን፣ ገመድ አልባ ምን ያደርግልናል አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ነገ ነይ" አልኳት። በነጋታው ስትመጣ ደግሞ "ቅዳሜ" አልኳት። ምክር ጠፍቶኝ አይደለም። ጥያቄዋ አንድ የቆየ ነገር ነካብኝ። እስከ ቅዳሜ ልጽፈው ብዬ ጀመርኩ፤ እሷን የመሰላችሁ ሌሎቻችሁም ብታነቡት አይከፋኝም።

ሥራዬ ሞተር ጥቅለላ ነው። የተቃጠለ ዲናሞ ይመጣልኛል፣ አሮጌውን ሽቦ አውጥቼ በአዲስ እጠቀልለዋለሁ። የወፍጮ ሞተር አለ፣ ከወንጂና ከመቂ የሚመጣ የመስኖ ፓምፕ አለ። በሽንኩርትና በቲማቲም ወቅት ደጃፌ ላይ ፓምፕ ይሰለፋል፤ ባለቤቶቹም አብረው ይሰለፋሉ፣ ሁሉም የኔን አስቀድምልኝ ይላል።

ነገሩ የአንድ ተለማማጄ ነው። ልጁ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ስሙን አልጽፍም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አጎቱ "ሥራ ፈቶ ከሚውል ሙያ ይልመድ" ብሎ አመጣው። ሥራ የማይጠላ ልጅ ነበር፤ መጠየቅ ግን አይታክተውም። ለምን ሦስት ፌዝ ሆነ? ኮሩ፣ ሽቦው የሚጠቀለልበት ብረት፣ ለምን አንድ ወጥ አይሆንም? ስስ ቆርቆሮ እየተነባበረ የሚሠራው ለምንድነው? የማውቀውን እመልስለታለሁ። የማላውቀው ሲሆን "አሠራሩ ነው፣ ዝም ብለህ ሥራ" እለዋለሁ። እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ አንዲት የወፍጮ ቤት ባለቤት ሞተራቸውን ሊወስዱ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሩ ቫርኒሽ ተቀብቶ በርሜል ውስጥ ነው። ያኔ ምድጃ አልነበረኝም፤ በርሜል ውስጥ ትልልቅ አምፖል አብርቼ ነበር የማደርቀው። ከሴትዮዋ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን። ልጁ ጥግ ይዞ አጎንብሷል።

ለካ ከተጣለ የብየዳ ትራንስፎርመር ኮሩን አውጥቶ ለሁለት ከፍሎታል። አንደኛው ግማሽ ላይ ከቁርጥራጭ ሽቦ ጠቅልሎ ሶኬት ላይ ሰክቶታል። ሌላኛው ላይ ጥቂት ዙር ጠቅልሎ የእጅ ባትሪ አምፖል አስሮበታል። በመካከላቸው የጣት ውፍረት ያለው ጣውላ አለ። ሽቦ ከሽቦ አይነካካም። አምፖሏ ግን በርታለች።

"ጋሼ፣ ይዩማ!" አለኝ። ጣውላውን በቀጭን ለወጠው፤ አምፖሏ ፈካች። ወፍራሙን መለሰው፤ ደከመች። "ሲርቅ ለምንድነው የሚደክመው? መሃል ላይ ምን በላው?"

አላውቀውም። ስንት ዓመት ሞተር ጠቅልዬ፣ ማግኔቱ ክፍተት ሲያጋጥመው ምን እንደሚሆን የማስረዳበት አንድ ቃል አልነበረኝም። "ይሄ እኮ የተሰነጠቀ ትራንስፎርመር ነው" አልኩት ለመገላገል። "እሱማ ነው፤ ግን ለምን ይደክማል?" አለና እጁን ወደ መደርደሪያው ዘረጋ። የፓምፕ ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት አጠራቅመው የሚመልሱትን፣ የማስቀምጥበት ነው። "ይህን ብጨምርበትስ?"

"አትንካ!"

አፌን ሳልዘጋ ፊውዙ ተቃጠለ። ሱቁ ጨለመ፣ የበርሜሉ አምፖሎችም ጠፉ። ብረቱ ሲራራቅ ሶኬት ላይ ያለው ኮይል (ጥቅል ሽቦው) ከመጠን በላይ ከረንት መሳቡ አይቀርም፤ ዛሬ ይህን አውቃለሁ። ያን ቀን የታየኝ ደንበኛዬ ፊት መዋረዴ ብቻ ነው። ያልተናገርኩት የለም። ስለ ሽቦ ዋጋ፣ ስለ አጎቱ፣ ስለ አስተዳደጉ ሳይቀር። ሽቦውን ከደሞዝህ እቆርጣለሁ አልኩት። ቁርጥራጭ ሽቦ እኮ ነው! ሴትዮዋ ጣልቃ ገቡ። "ምን አጠፋ ልጁ? መብራት ነው ያበራው" አሉ። ለሳቸውም መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ አልመጣም። የሁለት ሳምንት ደሞዙንም ሳይወስድ ቀረ። እኔም ሽቦውን ከኮሩ ላይ ፈትቼ ከሌላው መዳብ ጋር በኪሎ ሸጥኩት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ አንድ ዜና አነበብኩ። አሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. የሚባል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባለ 60 ዋት አምፖል 2 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ሽቦ አብርተዋል ይላል። ከላኩት ኃይል አምፖሉ ጋ የደረሰው 40 በመቶ ያህል ነው። የኔ ልጅ ቀድሟቸው ነበር ልላችሁ አይደለም። አልቀደማቸውም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 አንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠቅልሎ መሠረቱን አሳይቶታል። ልጁ ያደረገው ቀለበቱን መሰንጠቅ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የገመድ አልባ መኪና ቻርጀር ሥዕል ባገኘሁ ቁጥር፣ ከእያንዳንዱ ኮይል አጠገብ ምን ተሥሎ እንደማይ ታውቃላችሁ? ካፓሲተር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ኮይሎች ሲራራቁ ከማግኔቱ አብዛኛው ሁለተኛውን ሳያገኝ ይመለሳል። ምንም የበላው የለም፤ መንገድ ስቶ ነው። ከኮይሉ ጋር ልኩ የሆነ ካፓሲተር ሲገባ ግን ሁለቱ ይናበባሉ፤ ዥዋዥዌ በሰዓቱ ሲገፋ ከፍ እንደሚለው ማለት ነው። ሁለተኛው ምሥጢር ፍጥነቱ ነው። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ለመኪና የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሰከንድ 85 ሺህ ጊዜ ያህል ነው፤ የኛን 1,700 ጊዜ እጥፍ። በዚህ ፍጥነት ከ10 እስከ 25 ሴንቲሜትር ክፍተት አሻግሮ እስከ 11 ኪሎ ዋት ይልካል። መኪናው በደንብ ከተስተካከለ የሚባክነው ከ10 በመቶ ሊያንስ ይችላል።

ለጥቅለላ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ፍጥነት ከረንቱ የሽቦውን ቆዳ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አብዛኛው ከሩብ ሚሊሜትር አይዘልቅም። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ ዋጋ የለውም። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቫርኒሽ የተቀባ ሽቦ በብዙ ተጎንጉኖ ነው የሚጠቀለለው። እንዲህ ያለውን ለመጠቅለል እጄ ይበላኛል፤ ዓይኔ ግን አይችልም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። መብራት ይጠፋል፣ ጓደኞቿ አልዋሹም። ግን እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ቆቃ ግድብን ሊያሳየኝ ወስዶኝ ነበር። 43 ሜጋ ዋት ነው። ያኔ በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ እዚሁ አዳማ ኮረብታው ላይ በነፋስ የሚሠራ ማመንጫ፣ መጀመሪያ 51 ከዚያም 153 ሜጋ ዋት ሲተከል አየሁ። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ህዳሴ በ5,150 ተመረቀ። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ የተከለከለው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መብራት ይጠፋል ብሎ የነገውን አለመሥራት፣ ያኔ ፊውዝ ተቃጠለ ብዬ ልጁን እንዳባረርኩት ነው።

ባጃጅን መምረጧንም ወድጄዋለሁ። እዚህ አዳማ ወደ ፍራንኮ ሰፈር የሚጭኑትን ባጃጆች አይታችኋል? ተራ ይዘው ይቆማሉ። የፊተኛው ሞልቶ ይሄዳል፣ የኋላው አንድ እርምጃ ይጠጋል፣ ተራ አስከባሪው ይጮሃል። በየሦስት ደቂቃው ወርዶ ገመድ የሚሰካና የሚነቅል ሹፌር አይገኝም። መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ኮይል ያለበት ሰሌዳ ቢኖር ግን ወረፋው ራሱ ቻርጅ ይሆናል። እንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ2020 ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ በታክሲ ተራ ላይ ይህንኑ ለመሞከር ገንዘብ ተመድቦ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ የሚያስቅ አይደለም።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አንደኛው የባጃጅ የፊት ጎማ መሃል ላይ መሆኑ ነው። የመኪና ጎማ ሰሌዳውን ግራና ቀኝ ትቶት ያልፋል፤ የባጃጅ ጎማ ቀጥ ብሎ ይረግጠዋል። ሌላው ቆርኪ ነው። ተራው ላይ ምን ያህል ቆርኪ እንደሚወድቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰሌዳው ላይ የወደቀ ቆርኪ ውስጡ ከረንት ስለሚዞር ይግላል፤ ላስቲክ ቢያገኝ ያቀልጣል። ብረት ሲገኝ ኃይሉን የሚያቋርጥ ጠቋሚ የግድ ነው። ቆርኪው የሚግልበትና የሞተር ኮር በስስ ቆርቆሮ የሚነባበርበት ምክንያት ደግሞ አንድ ነው፤ ቆርቆሮው የሚነባበረው ከረንቱ ብረቱ ውስጥ እንዳይዞር ነው። ልጁ ጠይቆኝ "አሠራሩ ነው" ያልኩት።

ሮቦት ይሻላል የሚሉም አሉ። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ እባብ የሚጠማዘዝ፣ ሶኬቱን ራሱ ፈልጎ የሚሰካ የብረት ክንድ አሳይቶ ነበር፤ ሙከራ ሆኖ ቀረ። ሂዩንዳይም እ.ኤ.አ. በ2023 በካሜራ እያየ የሚሰካ ክንድ አሳይቷል። ጥቅም አለው፤ መኪናው ያለውን ሶኬት ይጠቀማል፣ ከባዱን ፈጣን ገመድ ያነሳል፣ ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰው ይጠቅማል። ለኛ ግን አልመክርም። የአዳማ ነፋስ አቧራ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፣ መጋጠሚያ ያለው ነገር ሁሉ ሥጋት አለበት። ሞተር ፈትቼ ስንት ኪሎ አቧራ እንዳወጣሁ እኔ አውቃለሁ። ሮቦቱን ተዪው።

ይህን ጽፌ ማታ የእባቡን ቪዲዮ ለልጅ ልጄ ሦስት ጊዜ አሳየሁት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንግዲህ የፈለግሽውን ምረጪ።

ስለ ዘንድሮ ልጆች አንድ የምለው አለኝ። ቪዲዮ አይታችሁ አወቅን ትላላችሁ። ሱቄ ለልምምድ የመጡት ሁሉ ቫርኒሹ ሸተተን ብለው ከሰዓት ጠፍተዋል። ይህ ያናድደኛል። ደግሞ ሲያናድደኝ፣ ሙሉ ቀን ቫርኒሽ እየሸተተው የሠራውን አንድ ልጅ ማን እንዳባረረው ትዝ ይለኛልና አፌን እይዛለሁ።

አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። መናኸሪያው በር ላይ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ የስልክ ሽፋን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ምናምን። እኔ አላወቅሁትም፤ እሱ ነው "ጋሼ፣ ደህና ነዎት?" ያለኝ። ጎልምሷል። ስለ ሥራ ጠየቀኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጠየቀኝ። ቻርጀር መረጥኩ። "ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ይህን ይውሰዱ" አለና ብሩን አልቀበልም አለኝ። ያኔ የቀረህን ደሞዝ ልስጥህ ማለት ነበረብኝ። ቢያንስ ጣውላው መሃል ምን እንደሚሆን አሁን ዐውቄያለሁ ልለው እችል ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር እፈልገዋለሁ።

ቅዳሜ ሱቁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ኮር ከየብየዳ ቤቱ ለምኜ አዘጋጅቻለሁ፣ ጣውላም አለ። ፊውዙ ዛሬ ብሬከር ሆኗል፤ ቢወድቅ መልሶ ማንሳት ነው። ካፓሲተሮቹ በስተግራ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ቆርኪ እንኳን አታምጪ፣ ደጃፉ ሞልቷል።