ጣርማ በር ላይ ያለው መስመር

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ተመራቂ ወጣት «ጋሼ፣ የእርስዎ ዋተርሼድ ሞመንት የቱ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሕይወትን ለሁለት የምትከፍል ቅጽበት ማለቱ ነው። እኔ ዕድሜዬን በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ስላሳለፍሁ ቃሉን ስሰማ የሚታየኝ ጣርማ በር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና መውረጃው ላይ ያለው የተራራ ጫፍ ነው።

ሼድ ሲባል ለእናንተ ለሙያው ወጣቶች በቆርቆሮ የተሠራ የሥራ ቦታ ነው። እዚህ ቃል ውስጥ ያለው ግን መለየት የሚል የቆየ ፍቺ ነው። እንግሊዞች ዋተርሼድ የሚሉት ውሃ ግራና ቀኝ የሚለያይበትን የተራራ ጀርባ ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበትን ምድር፣ እኛ ተፋሰስ የምንለውን በሙሉ። የልጁ አባባል የመጣው ከእንግሊዞቹ ፍቺ ነው። ጣርማ በር ላይ ወደ ምዕራብ የወረደ ዝናብ በጀማ ወንዝ ዓባይ ገብቶ ሜድትራኒያን ይደርሳል። ወደ ደብረ ሲና የወረደው በሮቢ ወንዝ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በዚያ አካባቢ በምግብ ለሥራ እርከን ይሠራ ነበር፤ የቀኑ ክፍያ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። የእኔ ድርሻ የተፋሰሱን ወሰን ማውጣት ነበር። በ1፡50,000 ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮቹ ሜዳው ላይ ስለሚራራቁ በእግር መሄድ ግድ ነው። ቁሩ እርሳስ አያስጨብጥም፤ ጉም ሲወርድብን ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ቆመን እንጠብቅ ነበር።

መስመሩ በአንዲት ባሏ የሞተባት እናት የገብስ ማሳ ጫፍ አለፈ። የጎረቤታቸው ማሳ ውስጥ ሆነ፣ የእሳቸው ውጭ፤ ሥራውና ስንዴው ደግሞ ለውስጦቹ ነበር። ሥራው በተጀመረ ዕለት ዶማቸውን ይዘው መጡ፤ ስም መዝጋቢው መለሳቸው። ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ዝናቡ እኔ ጋ አይዘንብም?» አሉኝ። «እማማ፣ የእርስዎ ውሃ ወደ ቆላ ነው የሚወርደው» ብዬ ላስረዳቸው ሞከርሁ። ውሃው ከማሳቸው የሚወጣበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። «ውሃውስ እውነትህን ነው፣ ወዲያ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ገበያዬም፣ ቤተ ክርስቲያኔም፣ ወንፈሌም ወዲህ ነው።»

ለአለቃዬ ነገርሁ። ወሰኑ ከተነካ ሪፖርቱ ይፋለሳል አለኝ። መስመሩን ደግሜ ለካሁት፤ ልክ ነበር። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ አስተካክዬው ይወጣልኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ልክ መሆኑ ነው። እማማ ዶማቸውን ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ ስመለስ ልጃቸው ዘንድ ቆላ ወርደዋል አሉኝ፤ ማሳውን ሌላ ሰው አርሶታል።

ለወጣቱ «እንዲህ ያለች ቅጽበት ስትመጣ አትታወቅም» ብዬ መለስሁለት፤ ከደብረ ብርሃን በኩል የሚመጣ ሰው ገደሉ አፍ ላይ እስኪደርስ ጀርባውን መውጣቱን አያውቅምና። ማታ ሳስበው ግን ያልሁት ልክ አልነበረም። እማማ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉ እኔ አውቄው ነበር።

የሦስት ቀን ሥልጠና ጨርሳችሁ «ሕይወቴ ተለወጠ» የምትሉት ነገር አይጥመኝም። በሥራው ግን ትበልጡናላችሁ፤ እኛ ሳምንታት የፈጀንበትን ወሰን ኮምፒዩተሩ ከሳተላይት መረጃ ቡና ሳይፈላ ያወጣላችኋል። በዚያ መረጃ ብዙ ጊዜ አንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር መሬት ነው፤ የአንድ ደሃ ማሳ በአንድ ነጥብ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በ1997 የወጣው የግብርና ሚኒስቴር የተፋሰስ ልማት መመሪያ ሥራውን ከ200 እስከ 500 ሄክታር ባለው አነስተኛ ተፋሰስ፣ ሕዝቡን ይዞ መሥራትን አምጥቷል፤ በእኛ ጊዜ አልነበረም። እናንተ ግን ይህ በእጃችሁ አለ። መስመሩን ካወጣችሁ በኋላ ከነካርታው ውጡና ጫፉን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ከቀበሌው ሊቀ መንበር በፊት መስመሩ የሚነካቸውን ባለ ማሳዎች «ገበያችሁ ወዴት ነው? ወንፈላችሁስ ከማን ጋር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሳቸውንም የስንዴው ዝርዝር ከመዘጋቱ በፊት ጻፉት።