የሕግ ምክር፦ ከካዛንቺስ ወጥቼ የት ልምረጥ?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ገላን ጉራ ምትክ ቤት ተሰጠን። መታወቂያዬ አሁንም የቂርቆስ ነው። ለምርጫ የምመዘገበው የት ነው? ደግሞስ ወረዳውና ክፍለ ከተማው በየጊዜው ሲለዋወጥ የምርጫ ክልሉ አብሮ አይለወጥም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚመዘገቡት በሚኖሩበት ነው። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ፣ ማለትም ተወካዩን በሚመርጥበት አካባቢ፣ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ገላን ጉራ 6 ወር ከሞላዎ ካዛንቺስ ለምርጫ አይቆጠርልዎትም፤ ልብዎ እዚያው ቢቀርም። «ለማንኛውም» ብለው ሁለቱም ጋ እንዳይመዘገቡ፤ ያስጠይቃል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ጠለቅ ይላል። ብዙ ሰው የወረዳና የምርጫ ክልል ወሰን አንድ ይመስለዋል። አይደለም። የወረዳው ወሰን የአስተዳደር ጉዳይ ነው። በደርግ ጊዜ ከተማዋ የተከፈለችው «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» በሚባሉ አስተዳደሮች ነበር። ከዚያ 28 ወረዳ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተማ መጣ። ቀበሌው ኋላ ተመልሶ ወረዳ ተባለ። በ2013 ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ ተጨመረ። አንድ የሰፈር ሽማግሌን «ወረዳዎ ስንት ነው?» ቢሏቸው የትኛውን ዘመን ቁጥር እንደሚነግሩዎት እንጃ!

የምርጫ ክልል ግን በከተማው አስተዳደር እጅ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103(5) መሠረት በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይካሄዳል። በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፤ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። በ1987 የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1999 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም፤ ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። በ1997 ምርጫ ከተማዋ በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር ነበራት፤ በ2013ም ያው 23። የከተማው ምክር ቤትም በሁለቱም ጊዜ 138 ነበር። ለሚ ኩራ ሲመጣ አዲስ ወንበር ይዞ አልመጣም።

በእኔ እምነት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካዛንቺስና ፒያሳ ነዋሪያቸው ሲነሣ፣ ዳር ዳሩ ኮንዶሚኒየም ሲሞላ፣ ወንበሩ ባለበት ከቆመ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ይከብዳል። አንቀጽ 38 ደግሞ ምርጫ እኩል ድምፅ የሚሰጥበት ይሁን ነው የሚለው። ሆኖም እርስዎ በግልዎ ወሰኑን ማስለወጥ አይችሉም።

የሚችሉትን ልንገርዎት። ከቂርቆስ ወረዳዎ መሸኛ ያውጡና ገላን ጉራ በሚገኝበት አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አዲስ መታወቂያ ይጠይቁ። ምዝገባ እስኪከፈት አይጠብቁ፤ ያኔ ወረፋው አያድርስ ነው። የምትክ ቤቱን ሰነድ ኮፒ አድርገው ይያዙ። የምርጫ ጣቢያው «አንመዘግብም» ካለዎት እዚያው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ውሳኔውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ የሚይዙት እሱን ነው።